የእርማት ምልክት ከረቂቅ ላይ ሊጠፋ አይገባም

ስርዝ ድልዝ በመሥሪያ ቤት ቋንቋ የነውር ስም ነው። ስርዝ ድልዝ ያለበት ደረሰኝ አይወራረድም፤ ቍጥሩ የተደለዘ ቼክ ከባንክ መስኮት ይመለሳል፤ በውል ጽሕፈት ላይም አንዲት ቃል ተፍቃ ሌላ ተተክታ ብትገኝ ተከራካሪው ወገን ሰነዱን ሁሉ ለመንቀፍ ምክንያት ያገኛል። ስለዚህ ከቀድሞ ጀምሮ ጸሐፊ የሆነ ሰው ሁሉ ንጹሕ ጽሕፈት ለአለቃው ማቅረብን እንደ ክብሩ ሲቈጥረው የኖረ ነው፤ ይህም ልማድ የተገባ ልማድ ስለ ሆነ የሚነቅፈው የለም። ነገር ግን ለተፈጸመ ሰነድ የተሠራው ይህ ሕግ ኮምፒዩተር ወደ መሥሪያ ቤት ከገባ ወዲህ ገና ወዳልተፈጸመው ወደ ረቂቁ ተሻግሮ፥ ብዙ ሰዎች በአንድነት የሚያርሙት ጽሑፍ እንኳ ማን ምን እንደ ለወጠ ምልክት ሳይኖርበት ጠርቶ እንዲቀርብ የሚፈለግ ሆኗል። ጕዳቱ ያለው ከዚህ ላይ ነው።

ረቂቅ በወረቀት ብቻ ይሠራ በነበረበት ዘመን ጥያቄው ራሱ አልነበረም። ታይፒስቱ መስመሩን አስፍቶ ይመታል፤ የክፍሉ ሹም በቀይ እስክሪፕቶ በቃሉ ላይ ሰረዝ ያሳልፍበታል፥ የሚተካውንም በላዩ ይጽፋል፥ በኅዳጉም ፊርማውን ያኖራል፤ ከእርሱ በላይ ያለውም በሌላ ቀለም እንዲሁ ያደርጋል። የተሰረዘው ቃል ከሰረዙ በታች እየተነበበ፥ የተጨመረውም በማን እጅ እንደ ተጨመረ ከጽሕፈቱ መልክ እየታወቀ፥ ወረቀቱ ከንጹሑ ቅጂ ጋራ በአንድ ፋይል ታስሮ ወደ መዝገብ ቤት ሊገባ ይችል ነበር። ይህም የሆነው ወረቀትና ቀለም በጠባያቸው የተደረገባቸውን ነገር የሚደብቁ ስላልሆኑ ነው።

የኮምፒዩተር ጠባይ ግን ሌላ ነው። በኮምፒዩተር ላይ አንድ ቃል ጠፍቶ ሌላ ሲተካ ለቀድሞው ቃል ሥፍራ እንኳ አይቀርለትም፤ መስመሩ ወዲያው ተጠጋግቶ ከመጀመሪያው እንዲሁ የተጻፈ ይመስላል። ይህን ያዩ የጽሕፈት ፕሮግራም ሠሪዎች ለነገሩ መድኀኒት ካበጁለት ብዙ ዘመን ሆኗል። ማይክሮሶፍት ወርድ በተባለው ፕሮግራም ውስጥ ትራክ ቼንጅስ የሚባለው ክፍል ሲከፈት፥ የተጨመረው ቃል በቀለም ተለይቶ ከበታቹም ተሰምሮበት፥ የተሰረዘውም በላዩ ሰረዝ እንዳለፈበት ሆኖ ይታያል፤ ያደረገው ሰው ስምና ያደረገበት ቀንና ሰዓትም አብሮ ይመዘገባል። ረቂቁን የያዘው ሹም እያንዳንዱን ለውጥ አይቶ የወደደውን ይቀበላል፥ ያልወደደውን ይመልሳል። ጉግል ዶክስ በተባለውም ዘንድ እርማትን በሐሳብ መልክ አቅርቦ ለባለቤቱ ፈቃድ መተው ይቻላል፤ የቀደሙትም መልኮች ከነቀናቸው በታሪክ ክፍሉ ውስጥ ይገኛሉ፤ ይሁን እንጂ ፋይሉ ወደ ሌላ ፋይል የተገለበጠ እንደ ሆነ ታሪኩ ከግልባጩ ጋራ አይሄድም።

እንግዲህ መሣሪያው አለ፤ የጐደለው ልማዱ ነው። ለውጡን ሁሉ በአንድ ጊዜ ተቀብሎ ምልክቱን የሚያጠፋው ትእዛዝ አንዲት ጣት ከማንሣት በላይ ድካም የለውም፤ ከዚያም በኋላ ፋይሉ ተቀምጦ የተዘጋ እንደ ሆነ ምልክቱን ከዚያው ፋይል መልሶ ማውጣት አይቻልም። ምልክትን ከዓይን መሰወርና ምልክትን ማጥፋት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያላስተዋለ ጸሐፊም አይታጣም፤ አንዱ መጋረጃ መጣል ነው፥ ሁለተኛው ግን መፋቅ ነው። መጋረጃ የጣለው ሰው ያጠፋ እየመሰለው ምሥጢሩን ወደ ውጭ ይልካል፤ የፋቀውም የሰወረ እየመሰለው ለዘወትር ያጠፋል።

ነገሩ በምን ያህል እንደሚጐዳ ለማየት የአንድ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ይታሰብ። ሰባት ሰዎች ተሰብስበው ይመክራሉ፤ ጸሐፊው ቃሉን አርቅቆ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ይልክላቸዋል፤ እያንዳንዱም አይቶና አርሞ ለሚቀጥለው ያሳልፋል። በመጀመሪያው ረቂቅ «ግንባታው እስኪመረመር ድረስ ክፍያው እንዲቆም ተወስኗል» ይል የነበረው ዐረፍተ ነገር፥ ረቂቁ ከሰባተኛው ሰው ዘንድ ሲደርስ «ክፍያው ቢቆም የሚል ሐሳብ ቀርቧል» የሚል ሆኖ ይገኛል። ለውጡ የቅንነት ሊሆን ይችላል፤ ምናልባት ጸሐፊው ያልተወሰነውን ተወስኗል ብሎ ጽፎ ከአባሎቹ አንዱ አቅንቶት ይሆናል። ደግሞም ክፍያው እንዳይቆምበት የሚፈልግ ሰው ያደረገው ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ካለ ሰብሳቢው ሁለቱን ለይቶ ለመጠየቅ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም፤ ምልክቱ ከሌለ ግን መጠየቅ የሚገባው መሆኑን እንኳ ሳያውቅ ከቃሉ በታች ይፈርማል። ከሁለት ዓመት በኋላ ኦዲተር መጥቶ ክፍያው ለምን እንዳልቆመ በመረመረ ጊዜ መልስ የሚፈለገው ከፈረመው ሰው እንጂ ቃሉን ከለወጠው አይደለም፤ የለወጠውማ ስሙ የለም። በቅንነት ያቀናውም ቢሆን ያቀና መሆኑን የሚያስረዳለት ነገር ስለሌለ ከክፉ አድራጊው ጋራ በአንድነት ይጠረጠራል።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ይህን ነገር ከማንም ይልቅ አጥብቀው ያውቁታል። ብራና የሚጽፍ ሰው የተሳሳተ እንደ ሆነ ስሕተቱን በስለት ፍቆ፥ ቦታውንም አለስልሶ ይጽፍበታል፤ ነገር ግን የተፋቀ ብራና እንደ ቀድሞው አይሆንም፤ ገጹ ይሻክራል፥ ቀለሙ ይፈስሳል፥ ወደ ብርሃን አንሥተው ቢያዩትም ሳስቶ ይታያል። አንድ ቃል የዘለለ እንደ ሆነ በመስመርና በመስመር መካከል በደቃቅ ፊደል ያገባዋል፤ ብዙ ቃል የዘለለ እንደ ሆነ ደግሞ በኅዳጉ ጽፎ የሚገባበትን ሥፍራ በምልክት ያሳያል። የሚያነብ ሰውም ይህን ሁሉ ባየ ጊዜ መጽሐፉን አይንቀውም፤ እንዲያውም ከተጻፈ በኋላ የታየና የታረመ መጽሐፍ መሆኑን ከዚያ ያውቃል፤ እርማት የሌለበት መጽሐፍ ስሕተት የሌለበት ነው ማለት አይደለምና።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ግን የባለ መጽሐፉ ስም ነገር ነው። በብዙ የጸሎት መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፉን ያስጻፈው ሰው ስም ተፍቆ፥ በኋላ በገዛው ወይም በወረሰው ሰው ስም ተተክቶ ይገኛል። ፋቂው በደንብ ፍቆት የሆነ እንደ ሆነ፥ ዋጋውን ከፍሎ ያስጻፈው ያ ሰው ማን እንደ ነበረ ዛሬ የሚያውቅ የለም። የቀደሙት አባቶችም ይህን አደጋ ስላወቁ፥ ለገዳምና ለደብር የተሰጠው ጕልት በወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ ሲጻፍ የምስክሮቹን ስም አብረው ይጽፉ ነበር፤ በመጨረሻም የሚመጣው ውግዘት መጽሐፉን የሰረቀውንና ጽሕፈቱን የፋቀውን ሁለቱን በአንድነት ያወግዛል። ሌባና ፋቂ በአንድ ቃል መወገዛቸው እንዲያው ለማስፈራራት ብቻ የተደረገ አይደለም፤ መጽሐፉን የሰረቀ ቅርሱን ይወስዳል፥ ቃሉን የፋቀ ግን የተሰጠውን ርስት ይወስዳልና። በትርጓሜ ቤትም እንዲሁ ነው፤ መምህሩ አንዱን ትርጓሜ ከተናገረ በኋላ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን ያመጣል እንጂ ሁለተኛው ስለ መጣ የመጀመሪያው ይጥፋ አይልም።

ከባሕር ማዶም አንድ ታላቅ ምሳሌ አለ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1776 ዓ.ም. ቶማስ ጄፈርሰን የአሜሪካን የነጻነት መግለጫ ሲያረቅ፥ ጆን አዳምስና ቤንጃሚን ፍራንክሊን ያቀረቡት እርማት ያለበት ረቂቅ እስከ ዛሬ በዋሽንግተን በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቆ ይኖራል። ወረቀቱ ስርዝ ድልዝ የሞላበት ነው። የእንግሊዝን ንጉሥ በባሪያ ንግድ የሚወቅሰው ረጅም ክፍል በታተመው መግለጫ ውስጥ አይገኝም፤ በረቂቁ ላይ ግን ስላለ፥ የዚያች አገር መሥራቾች በነጻነታቸው ቀን ምን ጽፈው ምን እንዳስወጡ ማንም ያነብበዋል። ጄፈርሰን አብዛኛውን ቃል ሲለውጥ ሰረዝ እያሳለፈበት ነበር። በአንድ ሥፍራ ግን ሕዝቡን የጠራበትን ቃል ቀለሙ ሳይደርቅ አብሶ ሌላ ጻፈበት። በላዩ የጻፈው «ዜጎች» የሚል ነው፤ ከበታቹ የነበረው ምን እንደ ሆነ ግን በእርግጥ የታወቀው ከ234 ዓመት በኋላ በ2010 ነው፤ የቤተ መጻሕፍቱ ባለ ሙያዎች ወረቀቱን በልዩ ልዩ የብርሃን ዓይነት ፎቶግራፍ በሚያነሣ መሣሪያ መርምረው «ተገዢዎች» የሚል መሆኑን አገኙ። ለንጉሥ ተገዢ የነበረ ሕዝብ ዜጋ ወደ መባል ያለፈባት ቅጽበት በአንዲት የታበሰች ቃል ውስጥ ተሰውራ ቈይታለች። በሰረዝ ያለፈውን ቃል ተማሪ ሁሉ ሲያነብበው፥ የታበሰውን ለማንበብ ግን ያን የመሰለ መሣሪያ አስፈለገ። በኮምፒዩተር ላይ ለተፋቀ ቃል ደግሞ እንዲህ ያለው ተስፋ እንኳ የለም፤ ከበታቹ የሚመረመር ወረቀት የለውምና።

ሕግ ራሱም ሲሻሻል ፍቆ አይሻሻልም። የማሻሻያ አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ ሲወጣ የትኛው አንቀጽ፥ የትኛው ንኡስ አንቀጽ እንደ ተሰረዘ በስም ጠርቶ፥ «ተሰርዞ በሚከተለው ተተክቷል» ብሎ አዲሱን ቃል ከበታቹ ይጽፋል። ይህ በአደባባይ የታተመ የእርማት ምልክት ማለት ነው። ሕግ አውጪው ለሕዝብ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሳለ፥ ያው ሕግ በረቂቅነቱ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ሲዞር ለውጡ ሁሉ ተሰውሮበት መዞሩ የሚያስገርም ነገር ነው።

በኢትዮጵያ ደግሞ ነገሩን የሚያጠብቅ አንድ ምክንያት አለ። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጐን ለጐን በሁለት ዐምድ ይታተማል፤ ልዩነት ቢገኝ የአማርኛው እንዲጸና ጋዜጣውን ያቋቋመው አዋጅ ቍጥር 3/1987 ደንግጓል። እንግዲህ በረቂቁ ላይ አንዱ ባለ ሙያ በእንግሊዝኛው ዐምድ ውስጥ አንድ ቃል ለውጦ ምልክቱን ያቈየ እንደ ሆነ፥ አማርኛውን የያዘው ሰው ቀለሙን አይቶ የራሱን ዐምድ ያስተካክላል። ምልክቱ ከጠፋ ግን ሁለቱን ዐምዶች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቃል በቃል ካላመሳከረ በቀር ልዩነቱን አያገኘውም፤ ሰዓቱ የጠበበበት ሰው ደግሞ አያመሳክርም። አንዱ ዐምድ ሲሄድ ሁለተኛው የሚቀረው በዚህ መንገድ ነው። የሁለት ቋንቋ ልዩነት ምን እንደሚያመጣ ኢትዮጵያ ከሌላው አገር ይልቅ ታውቃለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው በውጫሌ ውል በ17ኛው ክፍል፥ የአማርኛው ቃል የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋራ ለሚያደርጉት ጕዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት ለመላላክ እንደሚቻላቸው ሲናገር፥ የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎ ተናገረ። ልዩነቱ በማን እጅና እንዴት እንደ ገባ የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ክርክሩ ግን በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ በደም ተፈጽሟል።

በዚህ ላይ የሚነሣው ብርቱ መቃወሚያ ምልክቱ ከቤት ወጥቶ ያዋርዳል የሚለው ነው፤ ይህም ከንቱ ፍርሃት አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2003 ዓ.ም. በየካቲት ወር የእንግሊዝ መንግሥት ስለ ኢራቅ አንድ ጽሑፍ አውጥቶ በወርድ ፋይል በኢንተርኔት ላይ ቢያኖረው፥ ጽሑፉን በመጨረሻ የነካኩት ሠራተኞች ስም በፋይሉ ውስጥ ተመዝግቦ ስለ ተገኘ ብዙ ኀፍረት ሆነ። ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ በ2005 የሆነው ነው። የሊባኖስ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ራፊቅ ሐሪሪ በዚያው ዓመት በየካቲት ወር በቤይሩት ከተገደሉ በኋላ፥ በተባበሩት መንግሥታት ስም ነገሩን የመረመሩት ጀርመናዊው ዐቃቤ ሕግ ዴትሌቭ ሜሊስ በጥቅምት ወር ሪፖርታቸውን አቀረቡ። ለጋዜጠኞች በታደለው የኮምፒዩተር ፋይል ውስጥ ግን የእርማቱ ምልክት ሳይጠፋ ቀርቶ ነበር። አንድ ምስክር በስም የጠራቸው ሰዎች፥ ከእነርሱም መካከል የሶርያ ፕሬዚዳንት የቅርብ ዘመዶች ያሉበት፥ ሪፖርቱ በቀረበበት በዚያው ቀን ስማቸው ተሰርዞ «ከፍተኛ የሊባኖስና የሶርያ ባለ ሥልጣኖች» በሚል ቃል ተተክቶ፥ የተሰረዘበት ሰዓት ሳይቀር ታየ። ዓለም ሁሉ ዋና ጸሐፊው ኮፊ አናን ስም አስወጡ ብሎ ጠረጠረ። ሜሊስ ግን ማንም እንዳላዘዛቸው፥ ሪፖርቱ ለሕዝብ የሚገለጥ መሆኑን ባወቁ ጊዜ በአንድ ምስክር ቃል ብቻ የሰው ስም እንዳይነሣ ራሳቸው እንዳስወጡት ተናገሩ።

ብዙ መሥሪያ ቤቶች ከእነዚህ ነገሮች የተማሩት ምልክትን ቶሎ ማጥፋትን ነው። ትምህርቱ ግን የተገለበጠ ትምህርት ነው። ያሳፈረው የምልክቱ መኖር አልነበረም፤ ለውስጥ የሚቀመጠውና ለውጭ የሚሰጠው ሳይለዩ አንድ ፋይል ሆነው መውጣታቸው ነው። ለውጭ የሚሰጠው ንጹሕ ቅጂ ነው፤ ይህንንም በፒዲኤፍ ማውጣት ወይም የተሰወረውን ነገር እየፈለገ በሚያወጣው በራሱ በወርድ መመርመሪያ አጣርቶ መስጠት ቀላል ነው። ይልቁንም የሜሊስን ነገር በማስተዋል የሚያይ ሰው ሌላ ነገር ያገኝበታል። ምልክቱ ሰዓቱንም አብሮ ይዞ ስለ ነበረ ጥያቄው በግልጥ ተጠየቀ፥ ሰውየውም በግልጥ መለሱ፤ መልሳቸውን የተቀበለም ያልተቀበለም በታወቀ ነገር ላይ ተከራከረ። ምልክቱ ባይኖርና ስሞቹ ከረቂቁ መውጣታቸው ከዓመት በኋላ በወሬ ቢሰማ ኖሮ፥ ሜሊስም ራሳቸውን የሚያስረዱበት፥ አናንም ንጽሕናቸውን የሚያሳዩበት ነገር ባልነበራቸው።

ሁለተኛው መቃወሚያ አነስ ያለ ነው፥ ለአማርኛ ጽሑፍ ግን ከሌላው ይከብዳል። አምስት ሰው ያረመው ረቂቅ በአምስት ቀለም ተዥጐርጕሮ ስለሚመጣ ለማንበብ ያስቸግራል የሚሉ አሉ። ለማንበብ ብቻ ከሆነ ምልክቱን ሰውሮ ማንበብና ሲፈልጉ መግለጥ ይቻላል። ነገር ግን አማርኛ ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደሎች ያሉት ቋንቋ ስለ ሆነ፥ አንዱ «ፀሐይ» ብሎ የጻፈውን ሌላው «ጸሃይ» ያደርገዋል፤ «ሥራ» ያለውን «ስራ» ይለዋል፤ ሦስተኛውም ተመልሶ ያቀናዋል። የግእዙን ሥር ተከትሎ መጻፍ የተገባ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ አራሚ በመጣበት ጊዜ የፊደል ጦርነት የሚያነሣ ከሆነ በአንድ ገጽ ላይ ብዙ ምልክት ይፈላል፤ በዚያም መካከል «ይችላል» የሚለው ቃል «አለበት» ወደሚል ቢለወጥ ማን ያየዋል? ክፉ አሳቢ የሆነ ሰው የሚሸሸገው ምልክት በሌለበት ብቻ አይደለም፤ ምልክት በበዛበትም ይሸሸጋል። ስለዚህ የፊደሉን ነገር ቋንቋ የሚያውቅ አንድ ሰው ረቂቁ መዞር ሳይጀምር ጨርሶት፥ በዚያ ላይ የሚደረገው እርማት ስለ ነገሩ ብቻ ቢሆን ይሻላል።

ምልክቱ የጠፋ እንደ ሆነ ሁለቱን ፋይሎች አስተያይቶ ልዩነታቸውን የሚያወጣ መሣሪያ በወርድ ውስጥ መኖሩም የታወቀ ነው፤ እርሱ ግን ምን እንደ ተለወጠ ይናገራል እንጂ ማን እንደ ለወጠው አይናገርም፤ ደግሞም የመጀመሪያው ረቂቅ ካልተቀመጠ የሚያስተያየው ነገር የለውም። በኢትዮጵያም ሌላ ችግር ይጨመርበታል። እንደ ፓወር ግእዝና ቪዥዋል ግእዝ ባሉት በቀድሞዎቹ የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈ አሮጌ ረቂቅ ወደ ዩኒኮድ በተገለበጠ ጊዜ፥ ለሰው ዓይን አንድ የሆነው ፊደል ለኮምፒዩተሩ ሌላ ነውና፥ ሲያስተያየው ጽሑፉን ሁሉ እንደ ተለወጠ አድርጎ ይቈጥረዋል። እንዲህ ያለውን ረቂቅ አስቀድሞ ገልብጦ፥ ከዚያ በኋላ እርማቱን መጀመር ነው።

ስለ ቀለምና ስለ ፊደል ይህን ያህል ይነገር እንጂ፥ ምልክቱ የሚጠፋበት እውነተኛው ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ይሉኝታ ነው። የበታች ሠራተኛ በአለቃው ዐረፍተ ነገር ላይ ቀይ ሰረዝ ሲታይበት ድፍረት ይመስለዋል፤ ስለዚህ መሣሪያውን ዘግቶ ቃሉን በዝምታ ያቀናውና አለቃው እንዳላየ ሆኖ እንዲያልፍ ይመኛል። አለቃውም በበኩሉ ረቂቁ ቀልቶ ሲመለስለት የተዋረደ ይመስለዋል። በዝምታ የተደረገውን ግን አክብሮት ነው ለማለት ያስቸግራል፤ በአንድ ሰው ስም የሚወጣን ቃል ሳያሳውቁ መለወጥ ከንቀት ይልቅ የሚከፋበት ጊዜ አለ። በቅኔ ቤት ተማሪው የቈጠረውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ሲነግር፥ መምህሩ ጓደኞቹ እየሰሙ ቤቱን ያቃናለታል፥ ያልሰመረውንም ይጥልበታል፤ ከዚያ የወጣ ሰው በመታረሙ ሲያፍር አይታይም። መሥሪያ ቤትም ይህን ጠባይ ከቅኔ ቤት ቢወስድ የሚቀርበት ክብር የለም። አለቆች ራሳቸው የገዛ ረቂቃቸውን መሣሪያውን ከፍተው ቢያርሙና ስርዛቸው እንዲታይ ቢተዉ የበታቹ ፍርሃት በአንድ ወር ውስጥ ይለቅቃል።

ሥራው ከባድ አይደለም። ረቂቁን መጀመሪያ ያዘጋጀው ሰው ለሌሎች ከመላኩ በፊት ትራክ ቼንጅስን ይክፈት፤ ማንም እንዳይዘጋውም በይለፍ ቃል ይቈልፈው፥ ምንም እንኳ ሠሪዎቹ ራሳቸው ይህ ቍልፍ ከሌባ የሚጠብቅ እንዳይመስላችሁ ብለው ቢያስጠነቅቁም፤ ለቅን ሰው ማሳሰቢያ ይበቃል። ለውጡን መቀበልና መመለስ ግን የሚፈርመው ሹም ወይም እርሱ በጽሑፍ የወከለው ሰው ሥልጣን ብቻ ይሁን፤ ረቂቁ በዞረበት ሁሉ ያገኘው ሰው ተቀበልሁ እያለ ምልክቱን እንዳያጠፋ። ሹሙም ከመቀበሉ በፊት ምልክት ያለበት ፋይል በደብዳቤው ቍጥር ተገልብጦ፥ ከተፈረመው ንጹሕ ቅጂ ጋራ መዝገብ ቤት ይቀመጥ። የኮምፒዩተር ፋይል ቦታ አይፈጅም፤ የቀድሞው መዝገብ ቤት ሠራተኛ የወረቀቱን ረቂቅ እስከ ጣራ ድረስ ይደረድር ነበር፥ የዛሬው ግን የዓመቱን ረቂቅ ሁሉ በአንዲት ፍላሽ ሊይዘው ይችላል። በፍላሽ ብቻ ማስቀመጥ ግን አደገኛ ነው፤ ትጠፋለች፥ በቫይረስም ትበላሻለችና፥ በመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ላይ ሁለተኛ ቅጂ ይኑር። ረቂቁም ለምን ያህል ዓመት እንደሚቈይና ከዚያ በኋላ ወደ አገሪቱ ቤተ መዛግብት የሚተላለፈው የትኛው እንደ ሆነ በየመሥሪያ ቤቱ ደንብ ሊወሰን ይገባዋል። የአንድ የስብሰባ ጥሪ ረቂቅና የአንድ አዋጅ ረቂቅ ዕድሜያቸው አንድ ሊሆን አይችልም።

ከዚህም ሁሉ አስቀድሞ የሚሠራ አንድ ነገር አለ። ፕሮግራሙ በምልክቱ ላይ የሚጽፈው ስም በኮምፒዩተሩ ወይም ተጠቃሚው በገባበት አካውንት ውስጥ የተመዘገበውን ስም ነው እንጂ የተቀመጠውን ሰው ፊት አይቶ አይደለም። ሦስት ሠራተኞች በአንድ ኮምፒዩተር በሚሠሩበት ክፍል የሦስቱም እርማት በአንድ ስም ይወጣል፤ አዲስ ኮምፒዩተር ተገዝቶ የባለቤቱ ስም ያልተስተካከለ እንደ ሆነም ፕሮግራሙን የጫነው የሱቅ ሠራተኛ ስም፥ ወይም «ዩዘር» የሚለው ባዶ ቃል፥ በሚኒስቴሩ ረቂቅ ላይ በየመስመሩ ኅዳግ ተጽፎ ይመጣል። ስሙ የሚለወጠው በፕሮግራሙ ምርጫ ክፍል ገብቶ ነው፤ ለአንድ ኮምፒዩተር ከሁለትና ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም።